የጓሮዎን ዝናብ መለካት፣ የአገሩን ትንበያ መመዘን

ግንቦት ሲገባደድ የክረምቱ ትንበያ ይወጣል። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት አገሩን በካርታ ከፋፍሎ ይኼኛው አካባቢ መደበኛ፣ ያኛው ከመደበኛ በላይ፣ ወዲያ ያለው ደግሞ ከመደበኛ በታች ዝናብ ሊያገኝ እንደሚችል ይናገራል። በሬዲዮ ያዳመጠው ገበሬም፣ የሚያፈስ ጣሪያውን ሊያስጠግን ያሰበው የከተማ ሰውም ሰምቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ከስንት በላይ? ከስንት በታች? በገዛ ቀበሌዎ መደበኛው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ የሚነግርዎ ሰው ማግኘት ግን ይቸግራል። ያ ቁጥር ሳይታወቅ ትንበያው ሠመረ አልሠመረም ብሎ መከራከር ከንቱ ድካም ነው።

አገሩ ደግሞ በአንድ ቁጥር የሚወከል አይደለም። ጣርማበር ላይ ካፖርት ደርቦ የተሳፈረ መንገደኛ ቁልቁለቱን ወርዶ ሸዋሮቢት ሲደርስ በሸሚዝ ይቀራል። ከፍታው በ100 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ 1,700 ሜትር ገደማ መውረድ የ10 ዲግሪ ለውጥ ያመጣል። ዝናቡም እንደዚያው ነው። ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ አዲስ አበባ 1,200 ገደማ ነው፤ በአፋር ዝቅተኛ በረሃዎች 200 እንኳ አይሞላም። የመለኪያ ጣቢያዎቹ በአብዛኛው በከተሞችና በዋና መንገዶች ዳር የተተከሉ በመሆናቸው፣ ከመንገድ ርቆ ተራራ ጀርባ ያለ ሰው የሚሰማው ትንበያ የሌላ ሰፈር ዝናብን መሠረት ያደረገ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው በእጅ ያለ ነው፤ የራስን ዝናብ ለክቶ መመዝገብ፣ ከመዝገቡ የራስን መደበኛ ማውጣት፣ ከዚያም ትንበያውን በዚያ መመዘን። ለትምህርት ቤት ክበብም፣ ለገበሬም፣ በግቢው ጎመን ለሚተክል ጡረተኛም ይሆናል።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን ማዘጋጀት

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደ 1 ሊትር ውሃ ነው። ይህ ከገባዎት ማንኛውም አፉ ክብ የሆነ ዕቃ መለኪያ ሊሆን ይችላል፤ የአፉን ስፋት ማወቅ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ።

ቀላሉ ከሁለት ሊትር ሃይላንድ የሚሠራው ነው። ጎኑ ለስላሳና ቀጥ ያለውን ይምረጡ። ትከሻው አልቆ ጎኑ ቀጥ ማለት በሚጀምርበት ላይ ዙሪያውን ይቁረጡት፤ የተቆረጠውን አንገት ክዳኑን አውልቀው፣ ገልብጠው መልሰው ይክተቱበት። ውሃው በጠባቡ በኩል ወደ ታች ይወርዳል፤ ፀሐይም ቶሎ አታተነውም። መቀመጫው ወጣ ገባ ስለሆነ ጥቂት ሲሚንቶ በጥብጠው ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ይሙሉት። የሲሚንቶው አናት ዜሮ ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ላይ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ያስምሩ። በሲሚንቶው ፋንታ ጠጠርና ውሃ የሚያደርጉ አሉ። በጋ ሲመጣ ግን ውሃው ይደርቅና ዜሮውም አብሮ ይወርዳል።

እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ዘዴ ነው። የወተት ዱቄት የነበረበት ቆርቆሮ ይፈልጉ፤ የአፉን ወርድ ከውስጥ ወደ ውስጥ ይለኩ። 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግማሹ 5 ነው፤ 5 በ5 በ3.14 ሲባዛ የአፉ ስፋት 78.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ዝናብ 7.85 ሚሊ ሊትር ውሃ ያስገባል። ጠዋት የተጠራቀመውን ከመድኃኒት ቤት በገዙት ሲሪንጅ እየመጠጡ ይለኩት፤ 157 ሚሊ ሊትር ካገኙ የዘነበው 20 ሚሊ ሜትር ነው። የኩሽና ሚዛን ያለው ሰው መመዘንም ይችላል፤ 157 ግራም ውሃ 157 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ መንገድ ከማስመሪያ የሚሻለው ለካፊያ ነው። የ1 ሚሊ ሜትርን ግማሽ በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ በሲሪንጅ ግን ወደ 4 ሚሊ ሊትር ስለሆነ በግልጽ ይታያል።

የቆርቆሮው አፍ ከተጣመመ ስፋቱ ይለወጣልና ይቀይሩት። ፕላስቲኩን ፀሐይ ስለምትሰነጥቀው በየዓመቱ አዲስ ያድርጉ፤ አዲሱን ሲያስቀምጡም የአፉን ስፋት እንደገና ይለኩ። በባትሪ የሚሠራ፣ ትንሽ ባልዲ በሞላ ቁጥር እየተገለበጠ የሚቆጥር መሣሪያ መግዛትም ይቻላል። ችግሩ ዶፍ ሲወርድ ባልዲው እስኪገለበጥ የሚያመልጠው ውሃ መኖሩ ነው፤ አንዲት ቅጠል ገብታ ከደፈነችው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዜሮ ያሳያል። ቢገዙትም ቆርቆሮው ከጎኑ ይቁም።

ደረጃ 2፦ ቦታ መምረጥ

ከልኬት ስህተቶች ሁሉ የሚከፋው በነፋስ የሚመጣው ነው። መለኪያው ከቤትም ከዛፍም ከቁመታቸው ቢያንስ ሁለት እጥፍ፣ ቢቻል አራት እጥፍ ይራቅ። ግድግዳው 3 ሜትር ከሆነ 6 ሜትር ትንሹ ነው፤ 12 ከተገኘ መልካም። የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ገላጣ ስለሆነ ያጓጓል፤ እዚያ ግን ነፋሱ ጠብታዎቹን በአፉ ላይ አሻግሮ ስለሚወስዳቸው ሁልጊዜ ከእውነቱ ያነሰ ያነባሉ። መሬት ላይ፣ የተከፈተ ሣር መካከል ይሻላል።

በእንጨት ምሰሶ ላይ ይሰሩት፤ አፉ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ ፍንጣሪ እንዳይገባበት። አፉ እንዳይዘነብል በውሃ ልክ ይፈትሹት። ፍየልና ልጅ እንዳይነኩትም አጥር ያድርጉለት፤ አጥሩ ግን ዝቅ ያለ ይሁን። አንዴ ከተከሉት በኋላ አያንቀሳቅሱት። የግድ መንቀሳቀስ ካለበት ቀኑንና አዲሱን ቦታ ይጻፉ። አጠገቡ ባሕር ዛፍ ካለ ዛፉ በየዓመቱ ያድጋል፤ ዝናቡ የቀነሰ የሚመስለው ዛፉ ስላደገ ይሆናል። በረጅም መዝገቦች ላይ እንዲህ ያለው ስህተት የአየር ንብረት ለውጥ ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ጠዋት 3 ሰዓት

የአገሪቱ ጣቢያዎች ዝናብ የሚያነቡት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። እርስዎም በዚያው ሰዓት ያንብቡ፤ በኋላ ከጣቢያው ጋር ሲያነጻጽሩ ሰዓቱ ካልገጠመ ቀኑም አይገጥምም። ዝናብ ባባራ ቁጥር ሮጦ መለካት ጥሩ ትጋት ይመስላል፤ ግን ድምሩን ያበላሻል። በቀን አንዴ ይለኩ፣ ይጻፉ፣ ይድፉት፣ ይመልሱት።

ጠዋት ያገኙት ውሃ በአብዛኛው የትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። በለኩበት ቀን ትይዩ ይጻፉት ወይስ በትናንቱ? ሁለቱም ይሠራል፤ መቀላቀሉ ብቻ ነው የማይሠራው። የመረጡትን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በጉልህ ያስፍሩ።

በረዶ ከወረደ ዕቃውን ቤት ያስገቡትና እስኪቀልጥ ይጠብቁ። ከቸኮሉ ለብ ያለ ውሃ ለክተው ይጨምሩበትና ከድምሩ ላይ ይቀንሱት። እሳት ላይ አይጣዱት፤ ይተናል። ጳጉሜ 3፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ልጆች ዝናቡን ሊጠበሉ ግቢውን ሲሞሉት ለቆርቆሮው ጠባቂ ያቁሙለት። ደስ ያላቸው ልጆች በእፍኝ እየጨመሩበት የጳጉሜን ዝናብ እጥፍ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ደረጃ 4፦ መዝገቡ

ብዙ መዝገቦች የሚበላሹት በመለኪያው ሳይሆን በደብተሩ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

ዝናብ ካልነበረ 0 ይጻፉ። ጠብ ብሎ ሊለካ ካልቻለ «ም» ይበሉ፣ ምልክት ለማለት። ካልለኩ ሰረዝ ያድርጉ። ባዶ ቦታ ፈጽሞ አይተዉ። ነሐሴ ላይ ለቅሶ ሄደው አምስት ቀን ቢቀሩና ባዶውን የተተወ ደብተር ከዓመታት በኋላ የሚደምር ሰው ዜሮ ብሎ ቢቆጥረው፣ ያልነበረ ድርቅ ፈጠሩ ማለት ነው። ሲመለሱ ዕቃው ውስጥ 64 ሚሊ ሜትር ካገኙ «የአምስት ቀን ድምር 64» ብለው በቅንፍ ይያያዙት፤ ለአምስት አያካፍሉት፤ በግምትም አይሙሉት።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። ትንበያና መረጃ የሚያወጡ ተቋማት ወሩን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በአሥር በአሥር ቀን ይከፍሉታል፤ ከ1 እስከ 10፣ ከ11 እስከ 20፣ ከ21 እስከ ወሩ መጨረሻ። የእኛ ሐምሌ 1 የእነሱ ጁላይ 8 ስለሆነ የሐምሌን ድምር ከጁላይ ድምር ጋር ማወዳደር የአንድ ሳምንት ዝናብ ያምታታል። ክረምቱ ራሱ የሚጀምረው እንደ ቆጣሪው ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ሲሆን፣ ለሜትዎሮሎጂ ባለሙያ ክረምት ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 20 ያለው ነው።

ከቁጥሩ ጎን የአስተያየት ዓምድ ይኑርዎት። ካፊያ ነበር፣ ዶፍ ወረደ፣ እኝኝ ሲል ዋለ፣ በረዶ ጣለ፣ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ተሰማ፣ ውርጭ ጎመኑን አቃጠለ፣ ጤፍ ተዘራ፣ ወንዙ ድልድዩን አለፈ። 40 ሚሊ ሜትር በአንድ ሰዓት ሲወርድ አፈር ይዞ ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ግን መሬት ይጠጣዋል። ቁጥሩ ብቻውን ይህን አይነግርዎትም። በየወሩ መጨረሻ ገጹን በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ ደብተርን አይጥም ይበላዋል፣ ያው ዝናብም ያበሰብሰዋል።

የዚህ ሥራ አስገራሚ ታሪክ ያለው ካይሮ ነው። ሮዳ ደሴት ላይ የቆመው የአባይ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ ሲሆን፣ የወንዙ ከፍታ መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ622 ይጀምራል፤ መሃል መሃሉ ላይ ክፍተት ቢኖረውም። በበጋ ማብቂያ የሚመዘገበው ዝቅተኛ ውሃ በዋናነት የነጭ አባይ ነው፤ በነሐሴና በመስከረም የሚመዘገበው ሙላት ግን የኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ ነው። የእኛ ክረምት ረጅሙ መዝገብ የተያዘው እንግዲህ ዝናቡን ባላዩ ሰዎች ነው ማለት ይቻላል። የያዙት ግብር ለማስላት ነበር፤ ሙላቱ ከፍ ሲል እርሻው ይሰፋል፣ ግብሩም ይጨምራል።

ደረጃ 5፦ ሙቀት፣ ከፈለጉ

የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚይዝ ቴርሞ ሜትር በርካሽ ይገኛል። ፀሐይ እንዳታገኘው ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ጎኑ አየር የሚያሳልፍ ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ያድርጉት። የአውሮፓ መጻሕፍት የሣጥኑ በር ወደ ሰሜን ይሁን ይላሉ። እዚህ ያ ምክር ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በሩ ሲከፈት ቴርሞ ሜትሩን ትመታዋለች። ሁለት በር ይሥሩለትና እንደ ወቅቱ በተቃራኒው ይክፈቱ።

ደረጃ 6፦ የራስን መደበኛ ማውጣት

በዓለም አቀፍ ልማድ መደበኛ የሚወጣው ከ30 ዓመት መረጃ ነው፤ አሁን የሚሠራበት ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። ሠላሳ ዓመት መጠበቅ አይጠበቅብዎትም፤ ከጎረቤት ጣቢያ መበደር ይቻላል።

በከፍታም በተራራው ገጽም የእርስዎን ቦታ የሚመስል የቅርብ ጣቢያ ይፈልጉና የቆየ መረጃውን ከኢንስቲትዩቱ ይጠይቁ። የጣቢያውን 30 ክረምቶች ድምር ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደርድሩ። የመጀመሪያዎቹ አሥሩ «ከመደበኛ በታች»፣ መካከለኞቹ አሥሩ «መደበኛ»፣ የመጨረሻዎቹ አሥሩ «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። ባለሙያው በትንበያው ላይ የሚጠቀምባቸው ሦስት ክፍሎች እነዚሁ ናቸው። ለምሳሌ ድንበሮቹ 760 እና 900 ሚሊ ሜትር ሆኑ እንበል።

አሁን የእርስዎን ደብተር ያምጡ። በሦስት ክረምት እርስዎ በድምሩ 2,210፣ ጣቢያው በዚያው ጊዜ 2,600 ሚሊ ሜትር ቢመዘግብ፣ የእርስዎ ቦታ የጣቢያውን 0.85 ያህል ያገኛል ማለት ነው። ድንበሮቹን በ0.85 ያባዙ፤ 646 እና 765 ይወጣል። እንግዲህ በሬዲዮ «ከመደበኛ በታች» ሲባል ለእርስዎ ማሳ ከ646 በታች ማለት ነው። በደብተሩ ላይ ዓመት በተጨመረ ቁጥር ስሌቱን ያድሱት። ጣቢያውና እርስዎ በተራራ ግራና ቀኝ ካላችሁ ግን ይህ ስሌት አይሆንም፤ ዝናብ አምጪው ነፋስ አንዱን ገጽ አጥቦ ሌላውን በደረቁ ያልፈዋልና።

የቅርብ ጣቢያ ለሌለው ሰው ሌላ በር ተከፍቷል። ኢንስቲትዩቱ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ የጣቢያ ልኬትን ከሳተላይት ግምት ጋር አዋሕዶ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ያለውን ክፍተት ሞልቷል። «ኢናክትስ» የሚባለውን ይህን ሥራ የሚመሩት ኢትዮጵያዊው ቱፋ ዲንቁ ናቸው፤ ሥራው ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተሻግሯል። ሳተላይቱ የሚያየው የደመናውን አናት ቅዝቃዜ ነው፤ ከፍ ብሎ የተቆለለ ደመና ብዙ ይዘንባል ብሎ ይገምታል። ከተራራ ገጽ ጋር ተጣብቆ ዝቅ ባለ ደመና የሚወርድ ዝናብ ግን ያመልጠዋል። ስለዚህ የእርስዎ ቆርቆሮ እዚያም ሥራ አያጣም።

ድምር ብቻውን አይበቃም። ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ የወጣ ዝናብ በመሃል ዶፍ ካወረደ ድምሩ መደበኛ ሆኖ አዝመራው ሊጠፋ ይችላል። የክረምትን መግቢያ ለመወሰን ባለሙያዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ደንብ ይህን ይመስላል፤ በሦስት ተከታታይ ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፣ በሚቀጥሉት 30 ቀናት ውስጥም ከ9 ቀን የሚበልጥ ደረቅ ጊዜ አይገባም። ሁለተኛው ክፍል የተጨመረው ዘር አብቅሎ ለሚከዳው ዝናብ ነው። በደብተርዎ ላይ በየዓመቱ ይህን ቀን ያውጡና በቀይ ያክብቡት። በማሽላና በጤፍ መካከል ለሚመርጥ ገበሬ ከወቅቱ ድምር ይልቅ ይህ ቀን ይጠቅመዋል፤ ማሽላ ሚያዝያ ላይ መዘራት ይፈልጋል፣ ጤፍ ሐምሌን ይጠብቃል።

ደረጃ 7፦ የወቅቱን ትንበያ ማንበብ

የወቅት ትንበያ ሲፈተሽ ሦስት ቁጥር ነው። 45፣ 35፣ 20 ተብሎ ቢሰጥ፣ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 ከመቶ፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 ማለት ነው። ያ 20 ከአምስት አንድ ነውና ችላ አይባልም። ሦስቱም 33 ገደማ ከሆኑ ትንበያው የሚለው «ከወትሮው የተለየ ፍንጭ የለኝም» ነው። በዜና ላይ የሚነበበው ትልቁ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ሙሉውን ካርታ ፈልገው ይዩት። ናይሮቢ ያለው የቀጣናው የአየር ንብረት ማዕከል፣ ኢክፓክ፣ ለምሥራቅ አፍሪካ የሚያወጣው ካርታም በዚሁ ዓይነት ነው።

ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ትልቁ ጉዳይ ኤልኒኖ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ የምድር ወገብ ውሃ በመካከሉና በምሥራቁ ሲሞቅ ለሰሜንና ለመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት እርጥበት የሚያመጣው የአየር ፍሰት ይዳከማል። እ.ኤ.አ. በ2015 በልጉ ከተበላሸ በኋላ ክረምቱም በኤልኒኖ ተበላሽቶ በቀጣዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ውሃው ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም ላኒና ሲሆን፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ደጋው ጥሩ ክረምት ያገኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቦረናና አብዛኛው የሶማሌ ክልል ዋና ዝናባቸው በእኛ በልግ ላይ፣ ሁለተኛው ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ክረምት ለእነሱ ደረቅ ነው። ለጥቅምቱ ዝናብ ኤልኒኖ የሚያበዛ፣ ላኒና የሚያሳጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ የተመላለሰው ላኒና አምስት የዝናብ ወቅቶች እንዲከሽፉ ዋና ምክንያት ሆኖ የቦረናን ከብት ፈጀ። በ2023 ኤልኒኖ ሲመለስ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍልም አብሮ ስለሞቀ፣ ሶማሌ ክልል በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ስለዚህ «ኤልኒኖ መጣ» የሚል ዜና ሲሰሙ መጀመሪያ ጥያቄዎ «ለየትኛው አካባቢ፣ ለየትኛው ወቅት?» ይሁን። ለወሎ ስጋት የሆነው ለጎዴ ጎርፍ ሊሆን ይችላል።

ጊዜውንም ይዩ። የፓስፊክ ሁኔታ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ አቅጣጫውን ለመቀየር ቅርብ ነው፤ በጥር ላይ ስለ ክረምት የተነገረን ነገር በጥርጣሬ ይያዙ፤ የግንቦት መጨረሻውን ይጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሪባ ቆሬቻና የሥራ ባልደረባቸው የአገሪቱን የወቅት ትንበያዎች ከተገኘው ዝናብ ጋር አስተያይተው፣ ትንበያው ከተራ አማካይ በመጠኑ እንደሚሻል፣ ደረቅ ወቅትን ቀድሞ በመለየት ግን ደካማ እንደሆነ አሳይተዋል። በእኔ እይታ ይህ ለአንባቢ የሚሰጠው ትርጉም ግልጽ ነው፤ «መደበኛ» የሚል ትንበያ ከድርቅ ዋስትና አይደለም።

ደረጃ 8፦ ነገና ከነገ ወዲያ

ስልክዎ ላይ ያለው መተግበሪያ በአብዛኛው የዓለም አቀፍ ሞዴል ውጤት ነው። ከምርጦቹ አንዱ የሆነው የአውሮፓ ማዕከል ሞዴል ዓለምን በ9 ኪሎ ሜትር ካሬዎች ይከፍላል፤ በጣርማበር ገደል ላይ 9 ኪሎ ሜትር ማለት ከብርድ ወደ ቆላ የመውረድ ግማሽ መንገድ ነው። ሞዴሉ ገደሉን አለዝቦ ስለሚያየው፣ የሚነግርዎ ሙቀት ከእርስዎ ከፍታ የተለየ ቦታ ሊሆን ይችላል። የቴርሞ ሜትር መዝገብ ካለዎት ልዩነቱን ለተወሰኑ ሳምንታት አይተው ይቀንሱ ወይም ይጨምሩ።

በክረምት ያለው ዝናብ በብዙ ቦታ የከሰዓት ዝናብ ነው። ጠዋቱ ብራ ሆኖ መሬት ይሞቃል፣ ደመናው ይቆለላል፣ ከሰዓት ይወርዳል። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ደመናው ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ እየበለጠ ከሄደ ስጥዎን አያስጡ። ባሮ ሜትር ግን አይግዙ፤ ለአውሮፓ የተጻፈ ምክር ነው። በእኛ ኬክሮስ ግፊቱ በየቀኑ ጠዋትና ማታ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ በመሃሉ ዝቅ እያለ ራሱን ይደጋግማል፤ የዝናቡ ፍንጭ በዚያ ውስጥ ይጠፋል።

ከዝናብ ይልቅ በቤት ውስጥ በደንብ የሚተነበየው ውርጭ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ የጠራ፣ ነፋስ የሌለበት፣ አየሩ የደረቀ ምሽት ከሆነ ይጠንቀቁ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ገደላማው ማሳ ሲተርፍ ሸለቆው ይቃጠላል። ሣር ላይ ያለው ሙቀት ሣጥኑ ውስጥ ካለው በብዙ ዲግሪ ሊያንስ ስለሚችል፣ ቴርሞ ሜትርዎ 3 ሲያሳይ ጎመኑ ላይ በረዶ ሊኖር ይችላል።

ደረጃ 9፦ ለትንበያው ማርክ መስጠት

ደብተርዎ ላይ አንድ ዓምድ ይጨምሩ፤ የተተነበየው። ከዚያ ከተለካው ጋር ያስተያዩ። የኢንስቲትዩቱንም፣ የስልኩንም፣ የሰፈሩን አዋቂ ቃልም በእኩል ያስገቡ። ቦረና ላይ ከዋክብት ቆጣሪ ዓያንቱዎች አሉ፤ ከታረደ ከብት አንጀት የሚያነቡም አሉ። ማመንም መናቅም ሳያስፈልግ ቃላቸው ቀድሞ ይጻፍ፣ ዝናቡ ከወረደ በኋላ ሳይሆን።

ማርክ ሲሰጡ ሰነፉን ተንባይ አይርሱ። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ተቀምጦ በየቀኑ «ይዘንባል» የሚል ሰው ምንም ሳያውቅ አብዛኛውን ያገኛል። ትንበያው ዋጋ የሚኖረው ይህን ሰው ሲበልጠው ነው። ፈተናው የሚታየው በሚያዝያ፣ በመስከረም መጨረሻና በኅዳር ነው። የወቅት ትንበያን ግን በአንድ ዓመት አይፍረዱበት፤ 20 ከመቶ የተባለው ነገር ቢከሰት ትንበያው ተሳሳተ ማለት አይደለም።

ውሳኔው ደግሞ ከማርኩ ይለያል። ኅዳር ላይ ጤፍ ታጭዶ ተከምሯል፣ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብም ሊመጣ ይችላል ተብሏል እንበል። ሸራ መከራየትና ጉልበት 500 ብር ያስወጣል፤ ክምሩ ቢበሰብስ 5,000 ብር ይጠፋል። 500 ለ5,000 ሲካፈል 10 ከመቶ ነው። ስለዚህ የዝናቡ ዕድል ከ10 ከመቶ በላይ ከተባለ ሸራውን ያልብሱ፤ «አይዘንብም» የሚለው 80 ከመቶ ቢሆንም እንኳ። ሸራው የራስዎ ሆኖ ወጪው 100 ብር ከሆነ ድንበሩ ወደ 2 ከመቶ ይወርዳል። ጎረቤትዎ ክምሩ ትንሽ፣ ሸራ መከራየቱ ውድ ከሆነበት በዚያው ትንበያ ሳይሸፍን ቢተኛ እሱም አልተሳሳተም።